ትንሹ ጹባና ትልቁ ጹባ

ያትሱሺሮ ከተማ ውስጥ ሰዓት መጠገን ከጀመርኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በማጉያ ማየት የለመደ ዓይን አለው ብለው ይመስለኛል፣ በከተማችን ያረጁ ሰይፎችንና የሰይፍ ዕቃዎችን የሚመረምሩ ሰዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። በየወሩ በሁለተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሳይኮጂ መቅደስ የኋላ አዳራሽ እንገናኛለን። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ወንዶች ነበርን። አሥራ ሦስተኛዋ የመጣችው ቶኪዮ ላይ ኦሊምፒክ ከተካሄደ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ወር ነው።

በሩ ላይ ቆማ ጭቃ የጠጣ ቦቲዋን ስትጎትት ሁላችንም ዞረን አየናት። አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጉንጮቿን ነፋስ የለበለባቸው ሴት ናት። እጆቿ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። የታታሚ ምንጣፍ የሚሠራበትን ሣር የምታመርት ገበሬ መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በእኛ አገር በረዶ ባዘለ ውኃ ውስጥ ቆሞ ችግኝ የሚተክል ሰው እጁ ሁሉ እንደዚያ ነው።

“እሰይ፣ ሻይ የምትቀዳልን ተገኘች!” አለ ሃማጉቺ። ሃማጉቺ የአኩሪ አተር ስጎ ጠማቂ ነው፤ አፉ ከበርሜሎቹ ይሰፋል።

“ሻዩን እቀዳላችኋለሁ” አለች ሴትዮዋ ሳትቆጣ። “መጀመሪያ ግን ይሄ ምን እንደሆነ ንገሩኝ።”

ከመቀነቷ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ መሐላችን አስቀመጠች። መሐረቡ ሲፈታ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

ጹባ ነበር። ጹባ በሰይፍ ስለትና በእጀታው መካከል የሚገባ፣ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚከለክል ጠፍጣፋ ክብ ብረት ነው። ሰይፉ ቢጠፋም ቢሰበርም ጹባው ለብቻው ይቀራል። እኛን የመሰለ ሰው ደግሞ እሱን እያገላበጠ፣ ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው ሲል ዕድሜውን ይጨርሳል። የሴትዮዋ ጹባ ትንሽ ነው፤ የድሮ ባላባቶች ወገባቸው ላይ ይታጠቋቸው ከነበሩት ሁለት ሰይፎች ለአጭሩ የሚሆን። ብረቱ ጠቁሮ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ለስላሳ የሂጎ ብረት፣ ሂጎ የአውራጃችን የድሮ ስም ነው። ሦስት የሣር ዘንጎች በነፋስ ጎንበስ ብለው ይታያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ተፈልፍሎ ወጥቷል። ዘንጎቹ ላይ እንደ ጤዛ ጠብ ጠብ ያለ የወርቅ ልባጥ አለ፤ ግማሹ ረግፏል።

“ከየት አገኘሽው?” አልኳት።

“ከበዓል ገበያ። ከዛገ ሚስማር ጋር ሳጥን ውስጥ ተጥሎ ነበር። ሻጩ የማንቆርቆሪያ ማስቀመጫ ነው አለኝ።” ፈገግ አለች። “እኔ ሣሩን አይቼ ነው የገዛሁት። የእኛው ሣር ነው። ይሄን የሠራ ሰውዬ እርሻ ውስጥ ገብቶ ያውቃል።”

የማኅበራችን ሰብሳቢ መምህር ኩራኦካ ታሜጂ ጹባውን አንስተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። መምህር ኩራኦካ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው። ስለ ሂጎ ጹባዎች የጻፏት ቀጭን መጽሐፍ በአካባቢያችን ያለ ሰብሳቢ ሁሉ ቤት ትገኛለች፤ እሳቸው “ነው” ካሉ ነው፣ “አይደለም” ካሉ አይደለም። መስኮቱ ጋ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ጹባውን መሐረቡ ላይ ቀስ አድርገው አኖሩት።

“ጥሩ ነው። የሂጎ ሥራ ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት ይሆነዋል” አሉና ዝም አሉ።

ሃማጉቺ ግን ዝም አላለም። “መምህር! ይሄ የእርስዎ ጹባ ታናሽ ወንድም አይደል እንዴ? መጽሐፍዎ ሽፋን ላይ ያለው! ትልቁ እርስዎ ጋ፣ ትንሹ እዚህ። ጥንዱ ተገኘ እኮ!”

ሴትዮዋ ቀና አለች። “ትልቁ እርስዎ ጋ ነው? እስቲ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።”

“ዛሬ አልያዝኩትም።”

“በሚቀጥለው ወር ይያዙታ።”

“አንቺ ማየት ስትችዪ እይዘዋለሁ” አሉ መምህር ቆጣ ብለው። “አሁን ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው ሁለት የማንቆርቆሪያ ማስቀመጫ ነው የሚታይሽ።”

ወንዶቹ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

“ማየት ለመቻል ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?” አለች።

“ለሰነፍ ዕድሜ ልክ። ለጎበዝ አሥር ዓመት።”

“እሺ” አለች። ተነሥታ ለእያንዳንዳችን ሻይ ቀዳች። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ማጉያዬን ለመነችኝ።

ቶኪኤ ኢሙራን ያወቅናት እንደዚህ ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከባሏ ከዮሺጹጉ ጋር ከከተማው በስተ ደቡብ ሣር ያመርታሉ። በታኅሣሥ ይተክላሉ፣ በሐምሌ ጎህ ሳይቀድ ያጭዳሉ፣ ከዚያ ሣሩን ጭቃ ውስጥ ነክረው ያደርቁና ዓመቱን ሙሉ ቤታቸው ባለው የሽመና መኪና ምንጣፍ ይሸምናሉ። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ወር ጠብቃ እሑድ እሑድ ስትመጣ ግን፣ ከሁለት ሰዓት መንገድ በሳይክል፣ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም።

የማኅበራችን ዋና ጨዋታ ፈተና ነው። አምስት ጹባዎች ፊርማቸው ተሸፍኖ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ሰው እያነሣ ያያል፣ ሠሪው እገሌ ነው ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎ ለመምህር ይሰጣል። መምህር ወረቀቱ ላይ በቀይ ቀለም ፍርዳቸውን ጽፈው ይመልሳሉ። ቶኪኤ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አንድም አላገኘችም። ሃማጉቺ ወረቀቶቿን እያየ “እትዬ ቶኪኤ፣ በዚህ ቀይ ቀለም ግድግዳ ይቀባበታል” ይላታል። እሷ ወረቀቶቹን አጣጥፋ ይዛ ትሄዳለች፤ ቤቷ ውስጥ የሽመና መኪናው ላይ በተርታ ለጥፋቸዋለች። አንዷን ስህተት ሁለቴ አትሠራትም ነበር።

ጥሩ ጹባ የመግዛት አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ሌላ ሰው የማይነካውን ትገዛለች፤ የተቃጠለ፣ የተሰነጠቀ፣ በሞረድ የተበላሸ። አንድ ቀን ዮሺጹጉ የግድግዳ ሰዓት ሊያሠራ ሱቄ መጣና ምሬቱን አፈሰሰብኝ።

“የሰው ሚስት የፀጉር ጌጥ ትሰበስባለች። የኔዋ ዝገት ትሰበስባለች! ትናንት የሩዝ ዕቃ ብከፍት ምን አገኘሁ? ብረት! እርጥበት እንዳይነካው ነው አለችኝ።”

“ሩዙስ?” አልኩት።

“ሩዙማ እርጥበት ላይ ነው!”

እኔም አንድ ጊዜ ለምን የተበላሸ ብቻ እንደምትገዛ ጠየቅኳት። “አያ ሴጂ፣ ጤነኛ ጹባ መልኩን ነው የሚያሳይህ” አለችኝ። “የተሰበረው ሆዱን ያሳይሃል። ወርቁ ካልረገፈ ከሥሩ ያለውን ጭረት በምን ታየዋለህ?” እውነቷን ነው። ወርቁ ብረቱን እንዲይዝ ሠሪው መጀመሪያ ብረቱን በመሮ ረቂቅ አድርጎ ይጭረዋል። አንዱ ሠሪ በሁለት አቅጣጫ ይጭራል፣ አንዱ በሦስት፤ አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው ያሳሳል። ቶኪኤ ዕድሜዋን የምንጣፍ ክር ስትቆጥር የኖረች ናት፤ ምንጣፍ አይታ ማን ቤት እንደተሸመነ ትነግርሃለች። ያንን ዓይን ነው ወደ ብረቱ ያዞረችው።

በአራተኛው ዓመት ከአምስቱ አምስቱንም አገኘች። መምህር ወረቀቷን እያዩ “አጋጣሚ ነው” አሉ። በአምስተኛው ዓመት ደገመችው፤ መምህር “የዛሬዎቹ ቀላል ነበሩ” አሉ። በስምንተኛው ዓመት ከእሷ የሚበልጥ አልነበረም፤ ሃማጉቺ ራሱ መልሱን ከመጻፉ በፊት በቂጡ እየተንፏቀቀ ወረቀቷን ሊሰርቅ ይሞክር ነበር። እሷም በየዓመቱ በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ያችኑ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

“መምህር፣ ትልቁን ይዘውታል?”

አንድ ዓመት “ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ጠፋ” አሉ። ሌላ ዓመት “ታምሜ ነበር” አሉ። አንድ ዓመት ደግሞ ትንሹን እንድትሸጥላቸው ጠየቋት። “አልሸጥም፤ እርስዎስ ትልቁን ይሸጡልኛል?” አለቻቸው። “ሞቼ ነው!” “እንግዲያው ሁለታችንም እንቆይ” አለች፣ ሻዩን ፉት ብላ። እኛ ነገሩን የሁለት ግትሮች ጨዋታ አድርገን ነበር የምናየው። መምህር ትልቁን ያልያዙት ኩራት ይዟቸው ነው፣ ጥንዱ ተገጣጥሞ ለገበሬ ሴት ክብር እንዳይሆን ነው እንል ነበር።

አሥረኛው ዓመት ላይ ከተማው በባህል አዳራሽ ኤግዚቢሽን አዘጋጀና የማኅበራችንን ዕቃ እንድናሳይ ጠየቀን። መምህር እምቢ ለማለት ምክንያት አጡ፤ ሽፋን ላይ የወጣው ጹባ ሳይኖር የሂጎ ጹባ ኤግዚቢሽን ሊሆን አይችልም። ቁልፉ በእሳቸው እጅ ያለ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ለብቻው ተቀመጠ። ቶኪኤ በሦስተኛው ቀን መጣች። ሣሩን ጭቃ ውስጥ ነክራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ክንዷ ላይ ደርቆ የተሰነጠቀ ጭቃ ነበር። ማጉያዬን ተቀብላ በመስታወቱ ፊት ተንበረከከች።

አንድ ሰዓት ያህል አልተነሣችም። ሰዎች እየዞሯት ያልፋሉ። ጥበቃው ሁለት ጊዜ መጥቶ “እመቤት፣ አሞዎታል?” አላት። ስትነሣ ጉልበቷን እንኳ አላራገፈችም፤ በዓይኗ ጠቀሰችኝና ተከትያት ወጣሁ። ሱቄ ደርሰን በሩን እስክዘጋ ጠበቀች።

“የአንድ እጅ ሥራ አይደለም” አለች።

“ምኑ?”

“ትልቁና ትንሹ። ትልቁ ሌላ ሰው ነው የሠራው፣ ቢያንስ መቶ ዓመት ዘግይቶ። ጭረቱ በሁለት አቅጣጫ ነው፤ የኔው በሦስት። ብረቱም የሂጎ አይደለም። መልኩን ጥሩ አድርጎ አስመስሎታል፣ ግን ደረቅ ነው።” ከዚያ ትንሹን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። “ደግሞ አበባውን እየው። የኔው ላይ አበባው የት ነው?”

በማጉያ አየሁ። ከዘንጉ ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ ከጎኑ የወጣች ትንሽ እብጠት።

“የታታሚ ሣር እንደዚያ ነው የሚያብበው፣ ከጎኑ። የትልቁ አበባ ቁጭ ያለው ጫፉ ላይ ነው፣ እንደ ስንዴ። ሠሪው ሣሩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ትንሹን ፊቱ አስቀምጦ ሲቀዳ፣ ይሄ ስህተት ነው ብሎ አርሞታል።”

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፉ፣ ሽፋኑ፣ የመምህር ዝና ሁሉ በዚያ ጹባ ላይ ነው የቆመው። “እትዬ ቶኪኤ” አልኩ፣ “አሥር ዓመት አላገጡብሽ። በሚቀጥለው እሑድ ተነሥተሽ በሁሉ ፊት ተናገሪያ!”

ትክ ብላ አየችኝ። “አሁኑኑ ቤታቸው ትወስደኛለህ?” አለችኝ።

በትንሿ የጭነት መኪናዬ ወሰድኳት። መምህር ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ራሳቸው በር ከፈቱ፣ ራሳቸው ሻይ አቀረቡ። ቶኪኤ ሻዩን አልነካችም።

“ትልቁን አየሁት” አለች።

“እና?”

“አበባው ከጫፉ ነው የወጣው።”

“ምን?” አሉ መምህር፣ እውነት ግራ ተጋብተው። የሣሩን ነገር አስረዳቻቸው። መጽሐፋቸውን ከመደርደሪያ አውርደው ሽፋኑን ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱ። ብዙ ቆዩና ቀስ ብለው “ይሄን አላየሁም ነበር። እኔ በብረቱ ብቻ ነው ያወቅሁት” አሉ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እሳቸውም ያሉት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የገባቸው።

“መቼ አወቁ?” አለች ቶኪኤ።

መምህር መጽሐፉን ከደኑ። “አንቺ መሐረብሽን የፈታሽ ቀን” አሉ። “ትንሹን መስኮቱ ጋ ይዤ ስቆም። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ነገር በአንዴ ተገለበጠብኝ። መጽሐፉ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።”

ከዚያ ተቆጡ። ያፈረ ሰው ቁጣ ከባድ ነው። “በይ ሂጂ! ለሃማጉቺ ንገሪው! ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ሁሉ ይሰማል! አሥር ዓመት የጠበቅሽው ይሄንን አይደል?”

“ለሃማጉቺ ለመንገር ከሆነ ስልክ ይበቃኝ ነበር።”

“ታዲያ ምን ፈለግሽ?”

“ትልቁን ወረቀት አልብሼ በቀለም አሽቼ ልቅዳው። ከጀርባው በሞረድ የተፋቀ ቦታ አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ከጹባው ሥር በተነጠፈው የፊት መስታወት አይቼዋለሁ። ፊርማ ነበረው። ከፊደሉ እግር ትንሽ ቀርቷል።” ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። “መምህር፣ ይሄን ጹባ የሠራው ሰው አለ። አንዱ ስሙን ፋቀበት፣ እርስዎ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ሰጡት። ማን እንደሆነ ልፈልገው።”

“ውጡልኝ!” አሉ መምህር። “ሁለታችሁም!”

ወጣን። እኔ ነገሩ አበቃ ብዬ ነበር። ቶኪኤ በሚቀጥለው እሑድ ብቻዋን በሳይክል ሄደች። በሩን ስታንኳኳ ከውስጥ የመምህር ድምፅ “ኩራኦካ የለም!” አላት። “እሺ፣ ሲመጡ ቶኪኤ መጥታ ነበር በሏቸው” አለችና ተመለሰች። በሚቀጥለው ሳምንትም “ኩራኦካ የለም!” በሚቀጥለውም። ሣሩ ደርቆ እስኪከተት ድረስ አራት እሑድ እንደዚሁ ሆነ። በአምስተኛው ዝናብ ነበር። መምህር በሩን ከፍተው ጹባውን በሣጥኑ አድርገው ዘረጉላትና “እጅሽን መጀመሪያ አድርቂ” አሏት።

በዚያ ዓመት የብርድ ወራት ስልሳ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። በመላ አገሪቱ ላሉ የሰይፍ ማኅበራት፣ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች፣ እያንዳንዱ ውስጥ የጹባውን የቀለም ቅጂ ከተተች። የእጅ ጽሕፈቷ የሚነበብ አልነበረም። ዮሺጹጉ ሁለቱን አይቶ ሦስተኛውን ከእጇ ነጠቃት። “በዚህ ጽሑፍ ከላክሽው የዶሮ ጥፍር መስሏቸው ይጥሉታል!” አለና የቀሩትን ሁሉ እሱ በሚያምር ጽሕፈቱ ጻፈላት። እያጉረመረመ ነው የጻፈው፣ ግን ሁሉንም ጻፈ።

አሥራ ዘጠኝ መልስ መጣ። አብዛኛው “አናውቅም” ነው። አንዱ “ፎርጅድ ነው፣ ጣዪው” ይላል። በሁለተኛው ዓመት የብርድ ወራት፣ ተስፋ በቆረጥኩበት ሰዓት (እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ እሷ አልቆረጠችም)፣ ሀጊ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ካርድ መጣ። የላከው ዋኪሞቶ የሚባል የዓሣ ቋሊማ ሠሪ ነው። “የፊደሉን እግር የሚመስል እኔ ጋ ያለ ጹባ ላይ አለ። መጥተው ይዩ” ይላል።

የሣሩ ተከላ እንዳለቀ ቶኪኤ በባቡር ልትሄድ ጣቢያ ቆማለች። እኔ ልሸኛት ሄጄ ነበር። ባቡሩ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው መምህር ኩራኦካ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ የጹባ ሣጥናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ደረሱ።

“የት ሊሄዱ ነው?” አለቻቸው።

“ብቻሽን ሄደሽ ሰውየውን ግራ ልታጋቢው ነው እንዴ? ደግሞ ቅጂ ምን ይሆናል? ዋናው ካልተያዘ።”

መንገድ ላይ የሆነውን ከሁለቱም ሰምቻለሁ፤ ታሪኩ ግን አንድ አይደለም። መምህር “ስድስት ሰዓት ሙሉ ስታንኮራፋ ነበር” ይላሉ። ቶኪኤ ደግሞ “ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲያስተምሩኝ ነበር፤ ዓይኔን የጨፈንኩት ለመሸሽ ነው” ትላለች። ሀጊ ስለሆነው ግን ይስማማሉ።

ዋኪሞቶ ጹባውን አምጥቶ አስቀመጠ። ማዕበል የተቀረጸበት ነው። ከጀርባው ፊርማው ሙሉ ነው፦ “የሀጊ ነዋሪ ሞሪናኦ።” መምህር ትልቁን አጠገቡ አኖሩት። የፊደሉ እግር አንድ ነው። የወርቁ ጭረት በሁለት አቅጣጫ ነው። መምህር ትንፋሻቸውን ለቀው “ተገኘ” አሉ።

“ገና ነው” አለች ቶኪኤ።

“ምን ገና አለ? ዓይን የለሽም?”

“አንድ ጹባ አጋጣሚ ነው” አለች። “የኔን አምስት መልስ አጋጣሚ ነው አላሉኝም ነበር?”

ዋኪሞቶ የዚህን ሠሪ ሥራ የያዙ ሁለት ሰዎች ከተማው ውስጥ እንዳሉ ነገራቸው፤ አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዷ የመድኃኒት ቤት ባለቤት። ቶኪኤ ሁለቱንም ቤት ካላየሁ አልመለስም አለች። የሰባ ሁለት ዓመት፣ አይ፣ ያን ጊዜ ሰባ አራት ዓመት የሞላቸውን ሽማግሌ በሀጊ ዳገት ለዳገት እየጎተተች ወሰደቻቸው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ጋ ባለው ጹባ ላይ ስንዴ ተቀርጿል። ዓሣ አጥማጁ ጋ ባለው ላይ የሩዝ ዛላ። የሁሉም ጭረት አንድ፣ የብረቱ ድርቀት አንድ፣ ዛላዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ጫፍ ላይ የተቀመጡ። ሞሪናኦ እህል በደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የታታሚ ሣር ነው ያላየው።

ዓሣ አጥማጁ ቤት ደጃፍ ላይ ቶኪኤ ለመምህር ማጉያቸውን መልሳ “አሁን ተገኘ” አለች።

በመጋቢት ስብሰባ ላይ መምህር ኩራኦካ ሁላችንም ከመቀመጣችን በፊት ቆሙ። ወረቀት ይዘዋል፣ ግን አላነበቡትም።

“መጽሐፌ ገጽ አርባ አንድ ላይ የጻፍኩት ስህተት ነው” አሉ። “ሽፋኑ ላይ ያለው ጹባ የሂጎ ሥራ አይደለም። ሀጊ የነበረ ሞሪናኦ የሚባል ሰው ነው የሠራው። ስህተቱን ካወቅሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ሠሪውን ያገኘችው ቶኪኤ ናት።”

ከዚያ ሃማጉቺ እንደ ልማዱ፦ “ታዲያ ፎርጅድ ነዋ!”

“ፎርጅድ አይደለም” አለች ቶኪኤ ፈጥና። “ሰውየው ስሙን ጽፎበት ነበር። ማታለል የፈለገ ሰው ስሙን አይጽፍም። ስሙን የፋቀው በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ነው።”

“ለምን ተሠራ ታዲያ?”

“የሰይፎቹ ባለቤት የመጀመሪያው ትልቅ ጹባ ጠፍቶበት ምትክ አሠርቶ ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት። እሱን አናውቅም። ማን እንደሠራው ነው የምናውቀው።”

መምህር ሣጥናቸውን ከፈቱ። ቶኪኤ መሐረቧን ፈታች። ሁለቱ ጹባዎች ቀዩ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሥራ ሦስታችንም ተራ በተራ እየተንበረከክን አየን። ልዩነቱ አንዴ ከታየ ወዲያ አይጠፋም፤ ያን ሁሉ ዓመት ከፎቶግራፉ ላይ እንዴት እንዳላየነው ገረመኝ። ግን ደግሞ ትልቁም ያምር ነበር። ሃማጉቺ ተራው ሲደርስ ብዙ ቆየና “እኔ እኮ ትልቁን ነው የምመርጠው” አለ። መምህርና ቶኪኤ በአንድ ድምፅ “አንተ ምን ታውቃለህ!” አሉት።

መምህር የማረሚያ ወረቀት በራሳቸው ወጪ አሳተሙ። በእጃቸው በቀረ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ ለጠፉት፤ መጽሐፉን ለገዙት ቤተ መጻሕፍት ሁሉ በፖስታ ላኩ። የቶኪኤን ስም ከራሳቸው ስም በፊት አስቀደሙ። እሷ ወረቀቱን አይታ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “የአባወራዬን የቤተሰብ ስም በተሳሳተ ፊደል ጽፈውታል።” እውነትም ተሳስተው ነበር። እያጉረመረሙ እንደገና አሳተሙት።

ከዚያ በኋላ መምህር ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ጹባዎቹ በአንድ ሰው እጅ አልገቡም፤ ጥንድ ባልሆነ ነገር ለምን እንካሰሳለን ብለው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያዙ። የሁለቱ ክርክር ግን አልቆመም፤ መምህር በመጨረሻ ሕመማቸው ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ቶኪኤ ይዛ የሄደችውን ጹባ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጠው “ይሄ የሂጎ አይደለም” ሲሉ፣ “ነው” ስትል፣ ነርሷ ድምፃችሁን ቀንሱ ብላ ተቆጥታቸዋለች። ልጃቸው ትልቁን ጹባ ለሀጊ ከተማ ሙዚየም ሰጠው። ሞሪናኦ አገሩ ገባ።

የታታሚ ሣር ዋጋ ወድቆ ቶኪኤና ዮሺጹጉ ወደ ቲማቲም ዞረዋል። ፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ይከብዳታል፣ ጉልበቷ አይታዘዛትም፤ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሱቄ ገብታ በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት ትንንሽ የብር ሽሪምፖች ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ከሰይፍ እጀታ ላይ ከሚጠለፈው ገመድ ሥር የሚገቡ ጌጦች ናቸው። ሃማጉቺ ከአንድ ጨረታ የገዛቸው ናቸው፤ ማን እንደሠራቸው ግን አያውቅም።

“ጢማቸውን እየው” አለችኝ። “አንድ ጢም ተሰብሮ ሌላ ሰው ቀጥሎታል። ብሩ ይለያል።”

አየሁ። ይለያል።

“ኒጋታ ከተማ ያለ አንድ ሰው ይሄን የሚመስል ሥራ አለኝ ብሎ ጽፎልኛል። ዮሺጹጉ ባቡሩን አይቶልኛል፤ ሁለት ጊዜ ይቀየራል።”

“መቼ ትሄጃለሽ ታዲያ?”

“ቲማቲሙ እንደተለቀመ” አለችና ሽሪምፖቹን በጥጣቸው ጠቅልላ ወጣች።